ምስጋና እንጂ ውለታ አይደለም፦ የአስታራቂነት ሙያና የበጎ ፈቃድ አገልግሎት

በሰሜን ሸዋ ገጠር አንድ ጠብ በሽምግልና ሲፈታ፣ ባለጉዳዮቹ ከመነሣታቸው በፊት ለሽማግሌዎቹ የሚያሰሙት ቃል «እግዜር ይስጥልኝ» የሚል ነው፤ ሙስሊሙም «አላህ ይስጥልኝ» ይላል። ቃሉን ዘወትር ስለምንጠቀምበት ትርጉሙን ልብ አንለውም። ተናጋሪው «ያደረግህልኝን እኔ ልከፍልህ አልችልም፤ በእኔ ፈንታ ፈጣሪ ይክፈልህ» ማለቱ ነው። በዚህ አጭር ቃል ውስጥ አገልግሎቱ መሰጠቱ ታውቋል፣ ዋጋው በገንዘብ እንደማይተመን ተነግሯል፣ በሰጪና በተቀባይ መካከል ሊቀር ይችል የነበረው ዕዳም ተዘግቷል። አስታራቂው ለማንም ባለዕዳ አልሆነም፤ ለእርሱም ባለዕዳ የሆነ ሰው የለም። ነገ ሌላ ጉዳይ ቢመጣ እንደ ትናንቱ ነፃ ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል።

ይህ ጽሑፍ የአስታራቂነት አገልግሎት በምን ላይ እንደሚቆም፣ ለአስታራቂ የሚቀርብ ምስጋና መቼ ተገቢ፣ መቼ ደግሞ አደገኛ እንደሚሆን፣ እንዲሁም አስታራቂዎች በሙያ ማኅበር ሲደራጁ የበጎ ፈቃድ መንፈሳቸውን እንዴት ጠብቀው ሊቆዩ እንደሚችሉ ለኅብረተሰቡ ለማስገንዘብ የተዘጋጀ ነው። መነሻችን በደብረ ብርሃንና በአንኮበር አካባቢ የኖረው የሽምግልና ልማድ ነው።

ሽምግልና በደብረ ብርሃንና በአንኮበር

ሰሜን ሸዋ የደጋና የቆላ መገናኛ ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደብረ ብርሃን በ15ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተቆረቆረች፣ በገብስና በበግ እርባታ በሚተዳደር ብርዳማ ደጋ የተከበበች ከተማ ናት። ከእርሷ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው አንኮበር ደግሞ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረች፣ ከግርጌዋ ወደ አፋር ቆላ የሚወርደው ገደል የሚታይባት ተራራማ ስፍራ ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን ከአንኮበር በታች በሚገኘው የአልዩ አምባ ገበያ የደጋው ክርስቲያን ገበሬ፣ ሙስሊሙ ነጋዴ፣ አርጎባውና አፋሩ ይገናኙ ነበር።

በአንድ ገበያ የሚውሉ፣ ነገር ግን በአምልኮም ሆነ በዘመድ የማይገናኙ ሰዎች ሲጋጩ ጉዳዩ በአንዱ ወገን ልማድ ብቻ ሊታይ አይችልም። ሁለቱም የሚያምኑት ሰው ያስፈልጋል። የሽምግልና የመጀመሪያ መሠረት ይኸው ነው፤ ሽማግሌን ሽማግሌ የሚያደርገው ዕድሜው ወይም ሀብቱ ሳይሆን ሁለቱም ወገኖች «ይሁንልን» ማለታቸው ነው።

የአካሄዱ ዋና ዋና ነጥቦች በሰፊው የታወቁ ናቸው። ባለጉዳዮቹ ሽማግሌዎችን ይመርጣሉ፤ ሽማግሌዎቹም ከመካከላቸው አንዱን ሰብሳቢ ያደርጋሉ። በዛፍ ጥላ ሥር፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወይም በአንድ ገለልተኛ ሰው ደጅ ይቀመጣሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ከሰሙ በኋላ ፈንጠር ብለው ይመካከራሉ፤ ተመልሰው ሐሳባቸውን ይገልጻሉ፤ በመጨረሻም «ይቅር ለእግዚአብሔር» የሚባልበት ሰዓት ይመጣል። ከባድ በደል ከሆነ በደለኛው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ካሳ የሚገባው ካሳውን ይቀበላል። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለው ብሂል እንደሚያስረዳው፣ የሽምግልና ዓላማ ማን እንደረታ ማወጅ ሳይሆን ሰዎቹ ተመልሰው አብረው መኖር እንዲችሉ ማድረግ ነው።

ይህን አገልግሎት ያለ ክፍያ መስጠት በሀገራችን የቆየ ግዴታ ነበር። ዘመናዊ ፍርድ ቤቶች ከመስፋፋታቸው በፊት በመንገድ ላይ የተጣሉ ሰዎች በዚያ የሚያልፈውን መንገደኛ ዳኛ እንዲሆናቸው የመጠየቅ ልማድ ነበራቸው። መንገደኛውም ጉዳዩን ይዞ ወደ መንገዱ ሄዶ የመቅረት ነፃነት አልነበረውም፤ ቆሞ መስማትና መዳኘት ይጠበቅበት ነበር። ያ ሰው ደመወዝ፣ ማኅተምና ወንበር አልነበረውም። የነበረው ሁለት የማያውቁት ሰዎች የሰጡት አመኔታ ብቻ ነበር።

የሽምግልናን የበጎ ፈቃድ ጠባይ ለመረዳት ከሌሎች የመረዳዳት ልማዶች ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በወንፈል የተባበረን ሰው በተራችን ሄደን እናግዘዋለን፤ ጉልበት በጉልበት ይመለሳል። በደቦ የተጠራ ሰው ጠላና እንጀራ ይቀርብለታል። ሽማግሌ ግን ያስታረቃቸው ሰዎች በተራቸው እንዲያስታርቁት አይጠብቅም። ብድሩን የሚመልስለት ሰፈሩ ነው፤ ዛሬ እርሱ ጊዜውን ለጎረቤቶቹ እንደ ሰጠ፣ ልጆቹ ሲጋጩ ሌላ ሰው ጊዜውን ይሰጣቸዋል።

ሕጉ ስለ አስታራቂ ምን ይላል?

የዘመናዊ ሕጎቻችንም ለዚህ ልማድ ቦታ ሰጥተውታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 3318 ጀምሮ ስለ አስታራቂ ሲደነግግ፣ ተከራካሪዎች ሦስተኛ ሰው መርጠው እንዲያቀራርባቸውና ቢቻል እንዲያስማማቸው አደራ ሊሰጡት እንደሚችሉ አስቀምጦ ነበር። ስለ ዋጋውም ሲናገር አስታራቂው ለሥራው በአግባቡ ያወጣው ወጪ እንዲተካለት፣ የድካም ዋጋ ግን ተከራካሪዎቹ በግልጽ ካልተስማሙ በቀር እንደማይከፈለው የሚያመለክት ነበር። ሕግ አውጪው የአስታራቂነት መነሻ በጎ ፈቃድ መሆኑን፣ ክፍያ ደግሞ በስምምነት የሚመጣ ልዩ ሁኔታ መሆኑን ተገንዝቦ ነበር ማለት ነው። በተመሳሳይ ሕግ አንቀጽ 3312 መሠረት ሰዎች ግልግል ተስማምተው ሲጨርሱ ስምምነታቸው በመካከላቸው ይግባኝ እንደማይባልበት ፍርድ ይቆጠራል።

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ጉዳዮችን በሚመለከቱ ክርክሮች ተከራካሪዎቹ ፈቃደኛ ሲሆኑ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕጎች መዳኘትን አልከለከለም። የዚህ ድንጋጌ መሠረት ፈቃደኝነት ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997ም በመሬት ይዞታ ላይ ክርክር ሲነሣ በቅድሚያ በውይይትና በስምምነት ለመፍታት ጥረት እንዲደረግ ደንግጎ ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ ሕግም የወል የሥራ ክርክሮች በአስማሚ አማካይነት የሚታዩበት ሥርዓት አለ።

በቅርብ ዓመታት ሁለት ዐበይት ሕጎች ዘርፉን ወደ ሙያ ደረጃ አሳድገውታል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ፍርድ ቤት መር የማስማማት ሥርዓት እንዲዘረጋ መሠረት የጣለ ሲሆን፣ የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ደግሞ የዕርቅን አካሄድ ራሱን በቻለ ሁኔታ ደንግጓል። በእነዚህ ሕጎች መንፈስ አስታራቂ ገለልተኛ መሆን፣ የባለጉዳዮችን ምሥጢር መጠበቅና ስምምነትን በግድ አለመጫን ይጠበቅበታል። የግልግል ዳኛ ይወስናል፤ አስታራቂ ግን አይወስንም። ባለጉዳዮቹ ራሳቸው ወደ ውሳኔ እንዲደርሱ መንገድ ያሳያል።

ነገርን ከሁለት ወገን ማየት

አስታራቂ ከሌላው ሰው የሚለይበት ዋና ችሎታ አንድን ነገር በሁለቱም ባለጉዳዮች ዓይን ማየት መቻሉ ነው። ይህን በምሳሌ እንመልከት።

በአንኮበር ተዳፋት ላይ ማሳቸው የሚዋሰን ሁለት ገበሬዎች አሉ እንበል። የላይኛው ገበሬ የክረምት ጎርፍ ገብሱን እንዳያጥበው ቦይ ይቆፍራል። ቦዩ ውኃውን ከማሳው ያወጣለታል፤ ነገር ግን ወደ ታችኛው ገበሬ ማሳ ያስገባዋል። የታችኛው ገበሬ አፈሩ ታጥቦ፣ ካቡ ፈርሶ ያገኘዋል። የላይኛው «የራሴን መሬት ከጎርፍ ጠበቅሁ፤ ምን አጠፋሁ?» ይላል። የታችኛው «ሆን ብሎ ሊያጠፋኝ ነው» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ያዩትን ነው። ከላይ ያለው ሰው የሚያየው ውኃው ሲሄድ ነው፤ ከታች ያለው የሚያየው ውኃው ሲመጣ ነው።

ብልህ አስታራቂ በዚህ ጊዜ በሸንጎ ተቀምጦ ማን እንደሚዋሽ ለማወቅ አይደክምም። ሁለቱንም ይዞ ወደ ማሳው ይወርዳል። የላይኛውን ገበሬ ከታችኛው ማሳ ላይ አቁሞ ወደ ላይ እንዲመለከት፣ የታችኛውንም ከላይ አቁሞ ወደ ታች እንዲመለከት ያደርገዋል። ብዙ ጊዜ ከዚህ በኋላ የጥያቄው መልክ ይለወጣል። «ማን በደለ?» የሚለው «ውኃው በየት ይውረድ?» ወደሚለው ይመጣል። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ሲሰጥ አንዱ ተሸናፊ ይሆናል። ለሁለተኛው መልስ ለመስጠት ግን ሁለቱም አካፋ ይዘው ሊወጡ ይችላሉ፤ ቦዩን በድንበሩ ዳር አዙረው ወደ ተፈጥሮ መውረጃው ለማስገባት፣ የሥራውንም ድካም እኩል ለመካፈል ሊስማሙ ይችላሉ።

ከዚህ ምሳሌ አንድ ተጨማሪ ነገር እንማራለን። በስምምነቱ ከሁሉ በላይ ምስጋና የሚገባው አስታራቂው አይደለም። ሲናገረው የኖረውን ቃል ትቶ፣ በጎረቤቱ ፊት «አላየሁትም ነበር» ለማለት የበቃው ሰው ነው። ምስጋና በሁለቱ ባለጉዳዮች መካከል ሲለዋወጥ ዕርቁ ሥር ይይዛል፤ ወደ አስታራቂው ብቻ ሲፈስ ግን ዕርቁ የእርሱ ሥራ ሆኖ ይቀርና እርሱ በሌለበት ቀን ይላላል።

ምስጋናና ውለታ

በአማርኛ «ምስጋና» እና «ውለታ» የተለያዩ ቃላት ናቸው። ምስጋና የተደረገውን መልካም ነገር ማወቅና መግለጽ ነው። ውለታ ግን መመለስ ያለበት ነገር ነው፤ «ውለታ አለብኝ» የሚል ሰው ቀን ጠብቆ መክፈል እንዳለበት ይሰማዋል። በጎረቤትና በወዳጅ መካከል ውለታ ፍቅርን ያጸናል። በአስታራቂና በባለጉዳይ መካከል ግን ገለልተኛነትን ከሥሩ ይሸረሽራል።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ስምምነቱ ካለቀ በኋላ የላይኛው ገበሬ ደስ ብሎት ለአስታራቂው አንድ በግ ይዞ ቢመጣ ስጦታው ከቅን ልብ የመነጨ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የታችኛው ገበሬ በጉን ሲያይ ምን ያስባል? ትናንት ፍትሐዊ መስሎ የታየው ስምምነት ዛሬ የተገዛ ይመስለዋል። በሚቀጥለው ክረምት ቦዩ ቢደፈንና ጉዳዩ እንደገና ቢነሣ፣ ያ አስታራቂ ሁለቱን አስቀምጦ ለመናገር የነበረው ሞገስ ይቀንሳል። ስለዚህ ጥያቄው ስጦታው ትንሽ ነው ወይስ ትልቅ የሚል አይደለም፤ ሌላው ባለጉዳይ ቢያየው ምን ይሰማዋል የሚል ነው።

በተቃራኒው ሁለቱ ገበሬዎች ተባብረው ዳቦ ቢጋግሩ፣ ጠላም ቢጠምቁ፣ ሽማግሌዎቹንና ጎረቤቱን ጠርተው አብረው ቢበሉ፣ ይህ የዕርቁ ማኅተም ነው እንጂ ክፍያ አይደለም። ሁለቱ ድግሶች የሚለያዩባቸውን ሦስት መመዘኛዎች እንደሚከተለው ማስቀመጥ ይቻላል፦

1. ምስጋናው ከሁለቱም ወገን በጋራ የመጣ ይሁን።
2. በግልጽ፣ በሌሎች ፊት የሚደረግ ይሁን።
3. ጉዳዩ ሙሉ በሙሉ ካለቀ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት አይደረግ።

ከእነዚህ አንዱ የጎደለበት ምስጋና፣ ሰጪው ምንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ወደ እጅ መንሻነት መንሸራተቱ አይቀርም። ምስጋናን ጨርሶ መንፈግ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። የሥራ ቀኑን ትቶ፣ ከቤቱ ርቆ፣ የሰው ምሬት ሲሰማ የዋለ ሰው ማንም ካላስታወሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠራ ያመነታል፤ ከእርሱ የሚማሩ ወጣቶችም ዘርፉን ይሸሻሉ።

የሙያ ማኅበር ለምን ያስፈልጋል?

የገጠሩ ሽማግሌ ባለጉዳዮቹን ከነአባት ከነአያታቸው ያውቃቸዋል። የደብረ ብርሃን ከተማ ዛሬ ያለችበት ሁኔታ ግን የተለየ ነው። ፋብሪካዎች፣ የኢንዱስትሪ ፓርክና ዩኒቨርሲቲ ያሏት፣ ከየአቅጣጫው የመጡ ሰዎች የሚኖሩባት ከተማ ሆናለች። አከራይና ተከራይ፣ አሠሪና ሠራተኛ፣ ዕቃ አቅራቢና ገዢ ሲጋጩ ሁለቱንም የሚያውቅ የጋራ ሽማግሌ ላይገኝ ይችላል። በአልዩ አምባ ገበያ የነበረው ጥያቄ በአዲስ መልክ ተመልሷል፤ የማይተዋወቁ ሰዎች በማን ይታመኑ?

የሙያ ማኅበር ለዚህ ጥያቄ የሚሰጥ አንድ መልስ ነው። ባለጉዳዮቹ አስታራቂውን በግል ባያውቁት እንኳ የተቀበለውን የሥነ ምግባር ደንብ፣ የወሰደውን ሥልጠናና ቢያጠፋ ለማን አቤት እንደሚሉ ያውቃሉ። እንዲህ ያሉ ማኅበራት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ተመዝግበው ሕጋዊ ሰውነት ሊያገኙ ይችላሉ፤ የበጎ ፈቃደኝነት ባህልን ማጎልበትም የዚሁ አዋጅ ዓላማ አካል ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣው ሥጋት አስታራቂነት ሙያ ሲሆን በጎ ፈቃድነቱ ይጠፋል የሚል ነው። ሥጋቱ መሠረት አለው። ዋጋ የሚከፍል ባለጉዳይ ብቻ የሚስተናገድበት ሥርዓት ከተፈጠረ፣ ቀድሞ በነፃ ይታረቁ የነበሩ ድሆች አስታራቂ አልባ ይሆናሉ። ይሁን እንጂ ሙያዊነትና በጎ ፈቃድ የግድ አይጣሉም። ትልቅ የንግድ ክርክር ያላቸው ድርጅቶች ለአስታራቂ ዋጋ ለመክፈል ተስማምተው ሊያሠሩት ይችላሉ። ያው አስታራቂ በማኅበሩ ተራ መሠረት የተወሰኑ ቀናትን አቅም ለሌላቸው በነፃ ሊያገለግል ይችላል። ሁለቱን የሚያስተሳስረው አንድ ደንብ አለ፤ ለሚከፍለውም ለማይከፍለውም የሚሰጠው የትዕግሥትና የጥንቃቄ መጠን አንድ መሆን አለበት።

ተመሳሳይ ጉዳይ በሌላው ዓለምም አለ። ዴንማርክና ኖርዌይ በአንድ ንጉሥ ሥር በነበሩበት ዘመን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1795፣ ሰዎች ወደ ፍርድ ቤት ከመሄዳቸው በፊት የሚታረቁባቸው የዕርቅ ኮሚሽኖች በሕግ ተቋቁመው ነበር። በኖርዌይ ዛሬም በየማዘጋጃ ቤቱ ሕግ ያልተማሩም ሊሆኑ የሚችሉ ሦስት አባላት ያሉት የዕርቅ ጉባኤ አለ። ሥርዓት የያዘ ፍርድ ቤት ባለበት ሀገርም የተራው ዜጋ አስታራቂነት ቦታውን እንዳላጣ ይህ ያሳያል።

አንድ የአስታራቂዎች ማኅበር የበጎ ፈቃድ አገልግሎትን ጠብቆ ለማቆየት የሚከተሉትን ቢያደርግ ይጠቅመዋል።

በመጀመሪያ፣ የበጎ ፈቃደኛውን ወጪ መሸፈን ተገቢ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚሄድ አስታራቂ የመጓጓዣና የምግብ ወጪውን ከማኅበሩ ካገኘ ከባለጉዳይ ለመቀበል አይገደድም። ነፃ አገልግሎት ማለት አገልጋዩ ከኪሱ ይክፈል ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ምስጋናን ወደ ማኅበሩ ማዞር ይቻላል። ባለጉዳይ ለማመስገን ሲፈልግ ለግለሰቡ ስጦታ ከማቅረብ ይልቅ ለማኅበሩ የምስጋና ደብዳቤ ሊጽፍ ይችላል። ደብዳቤው አስታራቂውን ያበረታታል፤ ባለዕዳ ግን አያደርገውም።

ሦስተኛ፣ ያልተሳካውንም ሥራ ማክበር ያስፈልጋል። ሁሉም ጉዳይ አይታረቅም። ባለጉዳዮቹ አለመስማማታቸውን በሐቀኝነት ጽፎ ወደ ፍርድ ቤት እንዲሄዱ መንገድ የሚከፍት አስታራቂ ሥራውን ሠርቷል። ማኅበሩ የተሳኩ ዕርቆችን ብቻ ቆጥሮ ካመሰገነ፣ አባላቱ ቁጥር ለመጨመር ሲሉ ደካማውን ወገን «እሺ በል» እያሉ ወደ መጫን ሊገቡ ይችላሉ።

አራተኛ፣ አባላት ልምዳቸውን የሚካፈሉበት ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። የሰው ምሬት መስማት ይከብዳል። አንድ አስታራቂ የባለጉዳዮቹን ምሥጢርና ማንነት ሳይገልጥ «እዚህ ላይ ሚዛኔ ዘንበል አለ» ብሎ ለባልደረቦቹ መናገር ቢችል፣ ከእነርሱ ሌላ እይታ ያገኛል። ለሁለት ተጣይዎች የምንመክረው «በሌላው ዓይን እይ» የሚለው ምክር ለአስታራቂውም ይሠራል።

አምስተኛ፣ በሩን ለሴቶችና ለወጣቶች መክፈት ያስፈልጋል። «ሽማግሌ» የሚለው ቃል በዕድሜ የገፋ ሰውንም አስታራቂንም በአንድነት ይጠራል፤ በልማድም ወንበሩ የወንዶች ሆኖ ቆይቷል። ሙያው ግን የሚጠይቀው ማዳመጥን፣ ትዕግሥትንና ገለልተኛነትን ነው። እነዚህ በዕድሜና በጾታ የሚገደቡ አይደሉም።

ምስጋና የማይገባበት ዕርቅ

ስለ ሽምግልና መልካምነት ስንናገር ወሰኑንም በግልጽ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሁለት ቤተሰቦች አመስግነው የተለያዩበት ዕርቅ ሁሉ መልካም ዕርቅ አይደለም። ከዚያ ሸንጎ ያልተቀመጠች አንዲት ልጅ ልትኖር ትችላለችና።

ለዚህ ታሪካችን ምስክር ነው። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት ካገባ ከቅጣት የሚድንበት መንገድ ነበር። በዚህ ምክንያት ሽማግሌዎች ወደ ልጅቷ ወላጆች ይላኩና ጉዳዩ በጋብቻ «ያልቅ» ነበር። አባቶች ይጨባበጣሉ፤ ሽማግሌዎች ይመሰገናሉ፤ ልጅቷ ግን በደለኛዋ ቤት ትቀራለች። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘግቷል። በአንቀጽ 587 መሠረት ጠለፋን ተከትሎ የሚፈጸም ጋብቻ ጠላፊውን ከወንጀል ተጠያቂነት አያድነውም። ያለዕድሜ ጋብቻም በአንቀጽ 648 ያስቀጣል።

በቤተሰብ ጉዳይም ለውጥ ተደርጓል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺ ጉዳይ በቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ይታይ የነበረ ሲሆን፣ የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጥቷል። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። ዛሬ ሽማግሌዎች ባልና ሚስትን መምከርና ማቀራረብ ይችላሉ፤ ፍቺን መወሰን ግን አይችሉም።

ስለዚህ አስደፍሮ መድፈር፣ ጠለፋ፣ ያለዕድሜ ጋብቻ፣ በሴቶችና በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ጥቃትና ሌሎች ከባድ ወንጀሎች ለሽምግልና የሚቀርቡ ጉዳዮች አይደሉም። እንዲህ ያለ ጉዳይ የቀረበለት አስታራቂ ተጎጂዋን ወደ ፖሊስና ወደ ጤና ተቋም መምራት ይገባዋል። ምናልባት በዚያ ቀን ማንም አያመሰግነው ይሆናል፤ ወቀሳም ሊደርስበት ይችላል። ለሙያው ታማኝ መሆኑ የሚታየው ግን በዚያ ቀን ነው። አስታራቂ የምስጋናን ብዛት ከመቁጠር ይልቅ «በዚህ ሸንጎ ያልተቀመጠ፣ ነገር ግን ውሳኔው የሚነካው ሰው አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ለተገልጋዮች የሚሰጥ ምክር

ክርክርዎን በዕርቅ ለመፍታት ካሰቡ የሚከተሉትን ልብ ይበሉ፦

• አስታራቂውን ሁለታችሁም በፈቃዳችሁ ምረጡ። አንዱ ወገን የመረጠው፣ ሌላው በይሉኝታ የተቀበለው አስታራቂ ለዕርቅ አይበጅም።
• ከመጀመራችሁ በፊት ስለ ክፍያና ስለ ወጪ በግልጽ ተነጋገሩ። አገልግሎቱ በነፃ ከሆነ ነፃ መሆኑን፣ ዋጋ ካለውም ዋጋውን ሁለታችሁም እኩል እወቁ።
• አስታራቂው ከአንዳችሁ ጋር የዝምድና፣ የሥራ ወይም የጥቅም ግንኙነት ካለው አስቀድሞ እንዲገልጽ ጠይቁ።
• ሌላው ወገን ሲናገር እስኪጨርስ ስሙ። ለመልስ ከመዘጋጀት በፊት «እርሱ የቆመበት ቦታ ብቆም ምን አያለሁ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።
• የደረሳችሁበትን ስምምነት በጽሑፍ አድርጉ፤ ከምስክሮች ጋር ፈርሙበት። ጉዳዩ በፍርድ ቤት የተያዘ ከሆነ ስምምነቱን ለፍርድ ቤቱ አቅርቡ።
• ካልተስማማችሁ ወደ ፍርድ ቤት የመሄድ መብታችሁ የተጠበቀ ነው። ዕርቅን እምቢ ማለት ነውር አይደለም።
• አስታራቂውን ስታመሰግኑ በጋራና በግልጽ አመስግኑ። ስጦታ ቢመልስላችሁ ቅር አይበላችሁ፤ የመለሰው እናንተን አክብሮ ነው።

አስታራቂዎች ከቀድሞው መንገደኛ ዳኛ ጀምሮ እስከ ዛሬው የሙያ ማኅበር አባል ድረስ የሠሩበት ሀብት አንድ ነው፤ እርሱም የሁለት ሰዎች አመኔታ ነው። ሕግ፣ ሥልጠናና ማኅበር ይህን አመኔታ ይጠብቁታል እንጂ አይተኩትም። ሁለት ጎረቤቶች ተስማምተው፣ ቦያቸውን በጋራ ቆፍረው፣ በሚቀጥለው ክረምት ውኃው በመውረጃው ሲፈስ ቢያዩ፣ አስታራቂው በዚያ ቀን በቦታው አይኖርም። ስሙም ላይነሣ ይችላል። ሥራው ግን በዚያ ይታያል፤ ከቅን ልብ የወጣው «እግዜር ይስጥልኝ» የሚለው ቃልም ዋጋውን አስቀድሞ ከፍሎታል።